የማንሊን ቦርድ የሚኮርጅ ጠፋ

ሼን ማንሊ አዲሱን ቦርዷን ባንኮኒዋ ላይ ከደረደረች ወር ሊሞላት ነው፤ እስካሁን የኮረጃት ሰው የለም። ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቷታል። ሌላ አገር ቢሆን ሰው የደከመበት ሥራ ሳይሰረቅበት ሲቀር ተመስገን ይላል። እዚህ ኋቺያንግበይ የኤሌክትሮኒክስ ገበያ ውስጥ ግን ያልተኮረጀ ዕቃ ማለት ማንም ዞር ብሎ ያላየው ዕቃ ማለት ነው። ማንሊ ደግሞ ዞር ተብሎ የማይታይ ነገር ሠርታ አታውቅም፤ ቢያንስ እስካለፈው ወር ድረስ እንደዚያ ነበር የሚመስላት።

"ምናልባት አላዩት ይሆናል" አለቻት ከጎኗ ኬብል የምትሸጠው ሺዩን፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለጠች።

"እንዴት አያዩትም? አፍንጫቸው ሥር ተቀምጦ!"

"እንግዲያው አይተውት ይሆናላ።"

ማንሊ የማሸጊያ ፕላስተሯን ጭርርር አድርጋ ሳበችና አንዱን ካርቶን የደም ጠላቷ ይመስል ጠፍራ አሰረችው።

ባንኮኒዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ክንዷን ብትዘረጋ ከዳር እስከ ዳር ትነካዋለች። የምትሸጠው አውራ ጣት የሚያክል ጥቁር ቦርድ ነው። በአንድ ጫፉ የዩኤስቢ መሰኪያ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ቺፕ፣ አጠገቧ አንዲት መጫኛ ቁልፍ፣ ግራና ቀኙ ላይ ሽቦ የሚበየድባቸው ቀዳዳዎች፤ በቃ። ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ አዲስ ነገር ልሥራ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው በእሱ ነው። አንዱ ለጣቱ የሚመቸውን ኪቦርድ ይሠራበታል። ፒያኖ ተጫዋቹ እጁን ሳያነሳ የኖታ ገጽ የሚገልጥበትን የእግር ፔዳል ይሠራበታል። አንዱ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ገዝቶ ይሄድና በሳምንቱ ሌላ ሊገዛ ይመጣል። ዋጋው ከአንድ ሳህን ኑድል ስለማይበልጥ ቢቃጠልም የሚያለቅስ የለም።

ቦርዱ ሲሰካ መጀመሪያ የሚያደርገው ራሱን ማስተዋወቅ ነው። "ኪቦርድ ነኝ" ካለ ኮምፒውተሩ ኪቦርድ ብሎ ይቀበለዋል፤ "ማውስ ነኝ" ካለም አሜን ነው። ማንሊ ይህን ያህል ዓመት ሠርታበት እንኳ በዚህ ነገር መሳቋን አልተወችም። "እንደ ኮምፒውተር ያለ የዋህ ፍጥረት አላየሁም" ትላለች። "እኔ እናቴን 'ነጋዴ ነኝ' ብላት ምስክር ጥሪ ትለኛለች።"

በእናቷም አይፈረድም፤ ለማመን ይከብዳል። ማንሊ ከቻውዦ ገጠር ስትወጣ ገና ኮረዳ ነበረች፤ የወጣችውም ካልኩሌተር የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ተደርድረው ከሚቀመጡ ልጃገረዶች አንዷ ልትሆን ነው። ሥራዋ ከፊቷ በሚያልፈው ቦርድ ላይ አንዲት ፍሬ የምታክል ዕቃ መሰካት ብቻ ነበር። ያቺ ፍሬ ምን እንደምትሠራ አለቃዋን ብትጠይቅ "አንቺ ምን አገባሽ?" አላት። ነገሩ ከነከናት። ከተጣለው ዕቃ መሃል የተበላሹ ቦርዶችን እየለቀመች፣ መኝታ ቤት ይዛ እየገባች፣ አንድ በአንድ እየነቀለች ምን አገባት እንደሆነ ራሷ አወቀችው። ኋላ ትዳር ያዘች፤ ትዳሩ ግን አልበረከተም። ባሏ ሌላ ሴት ተከትሎ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ የኤሌክትሪክ መለኪያ መሣሪያውን ከሻንጣው አውጥታ አስቀርታ በሰላም ሸኘችው። መሣሪያው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ከባንኮኒዋ ፊት ለፊት፣ ከመተላለፊያው ማዶ፣ ሉ ቦዌን አለ። ቦዌን ከሃምሳ በላይ የሆነ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ፣ የፎቁ አንደኛ ኮራጅ ነው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ራሱም ሲጠየቅ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደዚያ ነው የሚለው። ማንሊ አዲስ ነገር ባወጣች ቁጥር ገዝቶ ይወስዳል፣ እያንዳንዱን ፍሬ ነቅሎ ያወጣል፣ ሽቦው ከየት ወዴት እንደሚሄድ በአጉሊ መነጽር ይከተላል፣ ከዚያ በሰማያዊ ቀለም የራሱን አሠርቶ በትንሹ አርክሶ ፊት ለፊቷ ይደረድረዋል። ቦዌን የኮረጀውን ፎቁ በሙሉ ይኮርጃል፤ እሱ ያልነካውን ማንም አይነካም። ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ስለሆኑ በአገራቸው ዘዬ ነው የሚሰዳደቡት፤ በእሱ ስድቡ ይበልጥ ይጣፍጣል።

"አለቃ ሼን፣ ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሻት?" ይላታል። እዚህ ገበያ ውስጥ ጋሪ ገፊውም ገዢውም ጠራጊዋም "አለቃ" ነው የሚባለው፤ አለቃ ያልሆነ ሰው አይገኝም።

"ከራሴ ጭንቅላት። አንተ የለህምና አታውቀውም።"

"ለእኔ ጭንቅላት ምን ይሠራልኛል? ያንቺ አለልኝ አይደል!"

አንድ ጊዜ ማንሊ ቦርዷ ጥግ ላይ በስህተት አንዲት ቀዳዳ ቀርታባት ነበር፤ ከሌላ ሥራ የተረፈች፣ ለምንም የማትሆን ቀዳዳ። ቦዌን ከነቀዳዳዋ ኮረጀው። ከእሱ ሌሎቹ ኮረጁ። በዓመቱ የፕላስቲክ ሳጥን ሠሪዎቹ ለቀዳዳዋ የሚሆን ጭራ አውጥተው መጡ፤ አሁን ያቺ ቀዳዳ የሌለችበት ቦርድ ሳጥን አይገጥምለትም። ማንሊ ያንን ቀን ስታስታውስ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እዚህ የሚከበሩት እንዲህ ነው። ቦርድ ከተኮረጀ የሳጥኑም፣ የኬብሉም፣ የቺፑም ነጋዴ እሱን ተከትሎ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሠራው ሰው ጋ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል። ያልተኮረጀው ብቻውን ቆሞ አቧራ ይለብሳል።

ዘንድሮ ደግሞ ዕቃን አቧራ የሚያለብሱበት ዓመት አይደለም። ታችኛው ፎቅ ላይ ቺፕና ባትሪ ይሸጥ የነበረው ሁሉ ተነቅሎ ሊፒስቲክ ሻጮች ገብተውበታል። አሁን ኮስሞቲክሱ ደረጃውን መውጣት ጀምሯል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታው ከአዲስ ዓመት በዓል በፊት ገበያ ያልታየበት ባንኮኒ እንደሚለቅ ለሁሉም ተናግሯል። ማንሊ ወራት ሙሉ የደከመችበት አዲሱ ቦርድ ተስፋዋ ነበር። ከድሮው በግማሽ ያነሰ፣ ዋጋውም የወረደ፣ ስስ፣ በጣም የሚያምር ነገር ነው። ይህ ቦርድ ካልተያዘላት ባንኮኒው ይሄዳል። ባንኮኒው ከሄደ ደግሞ ማንሊ ማን እንደሆነች ራሷም አታውቅም።

ቦዌን ግን ዝም። ድሮ ዕቃዋ ገና ከካርቶን ሳይወጣ አንገቱን የሚያሰግገው ሰውዬ አሁን ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ይቀመጣል።

ማንሊ እንግዲህ ልታሰርቀው ቆርጣ ተነሳች። መጀመሪያ አንዱን ቦርድ የቦዌን ባንኮኒ ላይ "ረስታ" ሄደች። ከምሳ ስትመለስ የራሷ ባንኮኒ ላይ፣ በሶፍት ተጠቅልሎ አገኘችው። በማግስቱ የቦርዱን ሙሉ ሥዕል አትማ ከሻይ ሳህኑ ሥር ሸጎጠችለት።

"አለቃ ሼን፣ ወረቀትሽን ጥለሻል" ብሎ ከማዶ ጮኸባት።

"የኔ አይደለም!"

"ስምሽ አለበት።"

"ተሳስተው ጽፈውት ይሆናል!"

ሺዩን በሳቅ የሱፍ ፍሬው ጉሮሮዋ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ማንሊ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ባንኮኒዋን ክፍት ትታ፣ ሺዩንን "ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ" ብላ አስጠንቅቃ፣ ታች ወርዳ ሊፒስቲክ ስትመለከት ቆየች። ስትመለስ ዕቃዋ እንደነበረ ነው። እንዲያውም ቦዌን ከሩቅ ሆኖ ሲጠብቅላት አገኘችው።

"ክፍት ትተሽው ትሄጃለሽ እንዴ? ሌባ በሞላበት!" አላት።

ማንሊ ንዴቷን ለማብረድ የቦዌን ባንኮኒ ጋ ሄዳ ቁጭ አለች። አገራቸው ውስጥ ሰው ከተቀመጠ ሻይ ይቀርባል፤ ሻዩን የሚቀዳውም ባለቤቱ ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም። ቦዌን ውሃው ሲፈላ እጆቹን ከጃኬቱ ኪስ ሳያወጣ፣

"አንቺ ቅጂው" አላት።

"እኔ?"

"አዎ፣ ዛሬ አንቺ ቅጂ።"

ባለፈውም እንደዚያው ብሏት ነበር፤ ሰሞኑን ሁሉ እንደዚያ ነው። እንግዳን ሻይ ማስቀዳት! ማንሊ በመጀመሪያ ስንፍና፣ ቀጥሎ ንቀት መሰላት፤ ቦርዷን የናቀባት ሰው ሻይ ሊቀዳላትም ተጠየፈ ማለት ነው። ደሟ ፈላ። ብድግ ብላ መተላለፊያው መሃል ቆመች።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ምን በደልኩህ?"

"ምን አደረግኩ?"

"ምንም! ምንም አላደረግክም፤ እኔ የምልህ እሱን ነው! ያልኮረጅከኝ ነገር አለ እስከ ዛሬ? ያንን የሚቃጠለውን ቦርዴን እንኳ ከነመቃጠሉ ኮርጀህ የለ! ይሄኛው ምን ጎደለው? አስቀያሚ ነው? ፊት ለፊት ንገረኝ!"

ፎቁ ሥራ ፈታ። ፕላስተር የሚስበው ሁሉ መሳቡን አቆመ።

"አለቃ ሉ፣ እባክህ ኮርጅላትና እንረፍ!" ብሎ አንዱ ከጥግ ጮኸ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ተቀጣጠለ።

ቦዌን አልሳቀም። "ነይ" አላትና ጋሪ ገፊዎች ወደሚያርፉበት የኋላ ደረጃ ይዟት ወጣ። እዚያ ሲደርሱ ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ከፊቷ ዘረጋው። እጁ የፈላ ድስት ክዳን ይመስል ይንቀጠቀጥ ነበር። በሌላው እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘው፤ ያኔ ሁለቱም ተንቀጠቀጡ።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለችው።

"ቆይቷል። ሐኪሙ የሚገድል አይደለም ብሎኛል፤ የሚለቅም አይደለም። ቦርድሽን በመጀመሪያው ቀን ነው የገዛሁት፤ ሰው ልኬ። አንዱን ፍሬ ነቅዬ ሳነሳ ሌላው ተፈናጥሮ የት እንደገባ አጣሁት። አንቺ ደግሞ የሰሊጥ ፍሬ አሳክለሽዋል፣ የት አባቴ ልያዘው? ወለሉን በመዳፌ እየዳበስኩ ዋልኩ።"

"ሥዕሉን ሰጥቼህ ነበር እኮ፣ አንተ ግትር!"

"የተሰጠኝን ልቀዳ? እኔ ኮራጅ ነኝ እንጂ ለማኝ አይደለሁም።" ባርኔጣውን አስተካከለ። "ለበዓሉ አገሬ ስገባ አልመለስም። ባንኮኒውን ለታው አስረክባለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ፤ በተለይ ለሺዩን።"

"ቦርዱስ?" አለች። "ቆንጆ ነው?"

"በጣም ቆንጆ ነው" አላት ቦዌን። "አላስተኛ ብሎኛል።"

ማንሊ ወደ ባንኮኒዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ራሷንም ታዘበችው። ሻይ መቅዳት ያቆመ የአገሯ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ፣ እሷ ግን ስለ ቦርዷ ብቻ ስታስብ ከረመች። አሁን ደግሞ ማሰብ የምትፈልገው ስለ ቦርዷ ሆኖ ሳለ ስለ እሱ ማሰቡን መተው አቃታት። ባንኮኒው ከሄደ ሌላ ቦታ ይገኛል። ከማዶ አንገቱን የሚያሰግግ ሰው ግን ከየት ይገኛል?

ማንሊ ተክዞ መቀመጥ አትችልበትም። በነጋታው ከከተማው ዳር ወዳለው ቦርድ አታሚ ወርክሾፕ ሄዳ አዲሱን ቦርዷን በሰማያዊ እንዲያወጡላት አዘዘች። የቦዌንን አካሄድ ከራሱ ይልቅ ታውቀዋለች። ግራኝ ስለሆነ መጫኛ ቁልፏን ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዞራታል፤ አዞረችው። ጽሑፉን ትልልቅ ያደርገዋል፤ አደረገችው። አንዱን ውድ ፍሬ በርካሽ ይለውጠዋል፤ ጥርሷን ነክሳ ለወጠችው። የገዛ ሥራዋን እንዲህ አድርጋ ስታረክስ አታሚው ግራ ገባው።

"እትዬ፣ የራስሽን ነው የምትኮርጂው?"

"አንተ ዝም ብለህ አትም።"

ከምሳ በኋላ ፎቁ በሙሉ ይተኛል። ገሚሱ ባንኮኒው ላይ ክንዱን ተንተርሶ፣ ገሚሱ መተላለፊያው ላይ ታጣፊ አልጋ ዘርግቶ፣ መብራቱም ግማሹ ጠፍቶ፣ በዚያ ሁሉ ንግድ መሃል ማንኮራፋት ብቻ ይሰማል። ማንሊ ጫማዋን አውልቃ፣ ሰማያዊዎቹን በትሪ ይዛ፣ የተኙትን እየተራመደች ተሻገረች። ባርኔጣው ፊቱ ላይ የወረደው ቦዌን አልነቃም። ትሪውን ባንኮኒው ላይ፣ ሰው በሚያየው በኩል አስቀምጣ ተመለሰች። ሺዩን አንድ ዓይኗን ከፈተች፤ አየቻት፤ መልሳ ከደነችው። በሕይወቷ ዝም ያለችው ያንን ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

መብራቱ ሲበራ መጀመሪያ ያየው ባትሪ ሻጩ ነበር። "ሉ ኮረጀ!" አለ። ወሬው እሳት ሆነ። ቦዌን ከእንቅልፉ ሲነቃ ሰው ባንኮኒው ላይ ተደርቦ፣ አንዱ አንድ ካርቶን ስጠኝ ሲል፣ ሌላው እኔ ነኝ የቀደምኩት ሲል ጠበቀው። ትሪውን አየ። ቀና ብሎ ከማዶ ማንሊን አየ። ማንሊ ጥፍሯን እያየች ነበር።

ከዚያ ቦዌን አንዱን ሰማያዊ ቦርድ አነሳና ኬብል ሰካበት። እጁን መሰወሩ ቀረ፤ ሰው ሁሉ እያየው ተንቀጠቀጠ። ነቀለው፤ እንደገና ሰካው፤ ነቀለው። ፊቱ ቀላ። ትሪውን በጋዜጣ ሸፍኖ፣ "አይሸጥም!" ብሎ፣ መተላለፊያውን ተሻግሮ ማንሊ ፊት ቆመ።

እሷ እንኳ ምስጋና ጠብቃ ነበር፤ ቢያንስ እንባ።

"ይሄን ማን ነው የሠራው?" አላት።

"አንተ ነሃ። ሰማያዊ አይደለም እንዴ?"

"እኔ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ሠርቼ አላውቅም!" የተነቀለውን መሰኪያ ባንኮኒዋ ላይ ጠብ አደረገው። "እጄ ላይ ቀረ እኮ! ጥቂት ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ እጄ ላይ ቀረ!"

"እጅህማ ስለሚንቀ…" ብላ አፏን ያዘች።

"ጨርሺው! ይንቀጠቀጣል። የደንበኛሽ እጅስ የማን እጅ ነው? ሕፃን ኬብሉን አይረግጥም? ድመት አትጎትተውም? የእነሱ እጅ በዓመት የሚያደርገውን የኔ እጅ ባንድ አፍታ አደረገው፣ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። መሰኪያው እግር የለውም! ስስ ይሁንልኝ ብለሽ ላዩ ላይ ለጠፍሽው። እግሩ ቦርዱን በስቶ መውጣት አለበት፣ በስቶ! በኔ ስም ይሄ ሊሸጥ ነበር?"

ማንሊ ከራሷ ጥቁሮች አንዱን አንስታ ኬብል ሰካችበት፤ እሱ እንዳደረገው ወዲያ ወዲህ አወዛወዘችው። መሰኪያው ላላ። ሌላ አነሳች፤ እሱም ላላ። ወራት ሙሉ ስትሞክረው የከረመችው በዚያ በማይነቃነቅ እጇ፣ በእርጋታ፣ እንደ እንቁላል ይዛ ነበር። ቆሌዋ ተገፈፈ። ይህን ቦርድ ፎቁ በሙሉ ቢኮርጅላት ኖሮ ስሟ ከነመሰኪያው ተነቅሎ ይቀር ነበር።

ያኔ ነው የፈነዳችው፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

"ታዲያ ይሄን ማን ይነግረኝ ነበር? አንተ ልትሄድ ነው! እናቴ ሥራሽ ምንድነው ትለኝና መልሴን ሳልጨርስ ታንቀላፋለች። ደንበኛው ገዝቶ ይሄዳል። ባሌ እንኳ አንድ ቀን ምን እየሠራሽ ነው ብሎኝ አያውቅም። በዚህ ዓለም ላይ የሠራሁትን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ይቺን ለምን እዚህ አደረገቻት ብሎ ያሰበልኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ሂድ እሺ፤ ሂድ! ግን ከእንግዲህ የምሠራው ማን እንዲያይልኝ ነው?"

ሺዩን የሱፍ ፍሬዋን ማኘክ አቆመች። ቦዌን እጁን ዘረጋና፣

"የአታሚውን ስልክ ስጪኝ" አለ።

ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ አታሚው ላይ ጮኸበት። እግር ያለው መሰኪያ፣ ቀዳዳው እዚህ፣ ቦርዱ ትንሽ ቢወፍርም ግድ የለም፣ ሰማያዊ፤ በደንብ ሰማያዊ! ከዚያ ወደ ባንኮኒው ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮም እጁን ኪሱ ውስጥ አልከተተም።

አዲሶቹ ሰማያዊዎች ሲመጡ ቦዌን እያንዳንዱን ክምር በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ እየሰካና እየነቀለ ነበር የሚያሳልፈው። ገዢዎች ቆመው ያዩታል፤ የእሱን እጅ የቻለ ቦርድ ምንም ይችላል ተባለ። ባትሪ ሻጩ በአረንጓዴ ኮረጀ፤ ከጥግ ያለው በቀይ ኮረጀ፤ ሳጥን ሠሪዎቹ ለአዲሱ መጠን አዲስ ሳጥን ይዘው መጡ። አንድ ቀን አቶ ታው አንድ ሽቶ ሽቶ የሚል ሰው አስከትሎ ባንኮኒዎቹን ሊያሳየው ወጣ። መተላለፊያው በካርቶንና በጋሪ ተዘግቶ አንድ እርምጃ ማለፍ አልቻሉም። ጋሪ ገፊው "አለቃ፣ እግርህን!" ሲለው ሰውዬው ወደ ኋላ ዘለለ።

"በዚያኛው በኩል ብናይ ይሻላል" አለ አቶ ታው፤ በዚህ በኩልም ተመልሰው አልመጡም።

ማንሊ ባንኮኒዋ ቀረላት። ግን አንድ ጉድ ነበረ። ፎቁ በሙሉ የእሷን ቦርድ ሲሸጥ የእሷን ከእሷ የሚገዛ ጠፋ።

"እትዬ፣ እግር ያለው የለሽም?" ይላታል የመጣው ሁሉ። "እንደ አለቃ ሉ ያለ?"

ያስተካከለው ሥዕል በእሱ እጅ ነው፤ ልለምነው ብትል ይሰጣታል። ማንሊ ግን ለምና አታውቅም። እያመማት ተነሳች። መተላለፊያውን ተሻግራ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ባንኮኒው ፊት ቆመች።

"አንድ ስጠኝ።"

"አንድ ካርቶን?"

"አንድ። አንዲት ፍሬ።"

ቦዌን ነገሩ ገባው። ፊቱ ላይ ሳቁ ከወዲያ ወዲህ ሲሯሯጥ እያየችው ነበር፤ እሱም ለመደበቅ አልደከመም። አንዱን መርጦ፣ ሰክቶ ነቅሎ፣ በሶፍት ጠቅልሎ ሰጣት።

"የአገር ልጅ ነኝ፣ ቀንስልኝ እንጂ።"

"ለኮራጅ ቅናሽ የለም።"

ጥቅልሉን ይዛ ተመለሰች። መብራቷን ዝቅ አድርጋ፣ አጉሊ መነጽሯን ስባ፣ መበየጃዋን አሞቀች። የመጀመሪያዋን ፍሬ ነቀለች፤ ከዚያ ሁለተኛዋን። እሷ ወደ ግራ ያዞረችለትን ቁልፍ እሱ ወደ ቀኝ መልሶት አገኘችው፤ ለምን ይሆን ብላ ቆየች። ከዚያ ገባት። በቀኝ በኩል ሲሆን ኬብሉን የሚይዘው ግራ እጁ ቁልፉን ሳያስበው አይጫነውም። በሕይወቷ ሙሉ ስትሠራ ኖራለች እንጂ የሰው ሐሳብ ውስጥ እንዲህ ገብታ፣ ሰውዬው የቆመበት ቦታ ላይ ቆማ አታውቅም ነበር። እሱ እሷ ውስጥ እንዲህ ሲገባ ነው የኖረው ለካ።

"አለቃ ሼን!" ብሎ ከማዶ ጮኸ። "እስካሁን አልጨረስሽም? እኔ እኮ ከምሳ በፊት ነበር የምጨርሰው!"

ማንሊ ሦስተኛዋን ፍሬ ነቀለች።

"እሺ፣ ከበዓሉ ስመለስ እናቴ በጨው የምታሸውን ፍጅል ላምጣልሽ? ወይስ ሆዴን ይነፋኛል ትያለሽ?"

የማንሊ እጅ አየር ላይ ቆመ። ስመለስ ነው ያለው? ሺዩን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ማንሊ ግን ቀና አላለችም፤ ቀና ብትል ፎቁ በሙሉ ፊቷን ሊያየው ነው።

"ዝም በል" አለችው። "እየኮረጅኩ ነው።"